እጅህን አምጣ!

«ዋጋውን በውስጥ መስመር።» ይህቺን ነገር መጀመሪያ የጻፈው ነጋዴ ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሶፋ ይለጠፋል፤ ከሥሩ መዓት ሰው «ስንት ነው?» ይላል፤ ሻጩ ለሁሉም «ውስጥ መስመር» ብሎ ይመልሳል። ዋጋ እንደ ኑዛዜ በጆሮ ካልሆነ የማይነገር ነገር ሆኖ አረፈው። እኔ ሶፋውን ልገዛ አይደለም። የሰው ሶፋ ስንት እንደሚያወጣ ማወቅ ግን መብቴ ይመስለኝ ነበር።

ወደ አየርላንድ የወሰደኝ ይኸው ብስጭት ነው። በንባብ ነው እንጂ በአውሮፕላን እንዳይመስላችሁ። እዚያ አገር የዛሬዎቹ ሰዎች አያቶች ጊደር ሲሸጡ የሚንሾካሾክ አልነበረም። ዋጋ የሚቆረጠው በከተማው ዋና መንገድ መሃል ነው፤ በጩኸት፣ በመዳፍ ምት፣ ሥራ ፈት ሁሉ ከቦ እየሰማ።

ስለዚያ ገበያ ብዙውን ወሬ ያቆዩልን ልጆች ናቸው። ከ1937 እስከ 1939 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፤ እየቀነሳችሁ አትድከሙ) የአገሪቱ የተረትና ወግ ኮሚሽን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን «ቤታችሁ ሂዱና ሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ» ብሎ አሰማራ። ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ገቡበት። ከተሰጡት ርዕሶች አንዱ የአካባቢው ገበያ ነበር። አያት እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ያወራል፣ የልጅ ልጅ በደብተሩ ይጽፋል። የቤት ሥራ ለአገር ሲተርፍ ያየሁት እዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። አያት ለልጅ ልጁ የሚያወራው በደህና ዋጋ ስለሸጣት ላም ነው። ሳትሸጥ ተመልሳ ስለመጣችው ላም የሚያወራ አያት ብርቅ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

የገበያ ቀን የሚጀምረው ሌሊት ነው። ገበሬው ከሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ ከብቱን በጨለማ ይነዳል። መንገዱ ባልከፋ፤ ጣጣው ከዳር ዳር ያለው በር ነው። ከብቶቹ ከተወለዱበት መስክ ወጥተው አያውቁም፤ ክፍት በር ባዩ ቁጥር ለእነሱ የተከፈተ ይመስላቸዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ እየሮጠ ይቀድማል። በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ይቆማል፣ መንጋው ያልፈዋል፤ ከዚያ ደግሞ በጎን አሳብሮ መንጋውን ይቀድምና ወደሚቀጥለው በር ይበራል። ከብቱን የነዳው አባት ነው ይባላል። መንገዱን ሁለት ጊዜ የሮጠው ልጅ ከተማ ሲደርስ ሻይና ዳቦ ይገዛለታል፣ እሱም ይህን ዕድሜ ልኩን ሲያወራው ይኖራል።

ከተማውም ዝም ብሎ አይጠብቅም። ባለሱቆች ዋዜማውን በመስኮታቸው ፊት ወፍራም አግዳሚ እንጨት ይመታሉ፤ የበሬ ቂጥ በመስታወት እንዳይገባባቸው። በብዙ ከተማ ለከብት ተብሎ የታጠረ ሜዳ ስላልነበረ ገበያው መንገዱ ራሱ ነው። ላሞች በባንኩ ደጃፍ፣ በጎች በግንብ ጥግ፣ የአሳማ ግልገሎች በጋሪ ላይ ሆነው እየጮኹ። በአንዳንድ ቦታ ትምህርት ቤትም ይዘጋል፤ ቢከፈትስ ማን ሊገባ! እኩለ ቀን ላይ መንገዱ በእበት ጫማ ይውጣል። ባለሱቁ በአንድ እጁ አፍንጫውን ይይዛል፣ በሌላው የዱቤ መዝገቡን ይገልጣል። ገበሬው የከረመ የሻይና የስኳር ዕዳውን የሚከፍለው ዛሬ ነዋ! እበቱ ነገ ይታጠባል።

አሁን ወደ ሽያጩ። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትፍረዱብኝ።

ገበሬው ከጊደሩ አጠገብ በትሩን ተደግፎ ቆሟል። ሊሸጥ የመጣ አይመስልም። ከብት ነጋዴው ይመጣል፤ ጊደሯን አያይም፣ ሰማዩን ያያል። ሊገዛ የመጣ አይመስልም። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ አየርላንድ ውስጥ ስለ ዝናብ ወሬ አይታጣም።

«ለመሆኑ ይቺን ስንት ትላታለህ?»

«ሃያ ፓውንድ።»

«ሃያ? እሷንና ማንን ጨምረህ?»

«እሷን ብቻ። እናቷን ብታያት ኖሮ ሃያ አምስት ትለኝ ነበር።»

«እናቷን አልገዛ። አሥራ አራት። እሱንም ለልጆችህ ስል ነው።»

«ልጆቼን ተዋቸው፣ ጊደሯን እይ።»

ነጋዴው ጥሎ ይሄዳል። አካሄዱ ግን የሚሄድ ሰው አካሄድ አይደለም፤ ጀርባው ይሰማል። ደላላው ከመሬት የሚበቅለው ይኼኔ ነው።

ደላላው ላም የለውም፣ ገንዘብ የለውም፤ ሁለት እጅና አንድ ምላስ አለው። ሂያጁን በኮቱ እጅጌ ጎትቶ ይመልሰዋል። «ሁለት የተከበራችሁ ሰዎች በዚህች ትጣላላችሁ?» ይላል። ማንም አልተጣላም። «አሥራ ስምንት በል!» «አሥራ ስድስት ብዬ ሞቻለሁ!» «እንግዲያው ልዩነቷን እኩል ግመሷት! እጅህን አምጣ!» ገበሬው እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ደላላው መንጭቆ ያወጣዋል። ገበሬው ወደ ኋላው ይደብቀዋል፤ ደላላው ዞሮ ይይዘዋል። የከበበው ሰው «ስጠው! ስጠው!» ይላል። ነጋዴው መዳፉ ላይ እንትፍ ይልና በገበሬው መዳፍ ላይ ጧ! ያደርገዋል። አሥራ ሰባት ፓውንድ። አለቀ።

ደላላው የማንም ወገን እንዳልሆነ ይምላል። ብዙ ጊዜ ግን ከጀርባው ያለው ነጋዴው ነው፤ ድርሻውን የሚቀበለው ማታ መጠጥ ቤት ነው። ገበሬው ይህን አያውቅም? ያውቃል እንጂ! ቢሆንም ያለ ደላላ መሸጥ ለእሱም አይጥመውም። ራሱ ዋጋ ከቀነሰ ተሸነፈ ማለት ነው፤ ደላላ አስቀነሰው ከተባለ ግን ሰው አክብሮ ነው።

ከዚያ ነጋዴው መቀሱን አውጥቶ ከጊደሯ ዳሌ ላይ ጥቂት ፀጉር ይሸልታል፤ መቀስ ከሌለው ጭቃ ይቀባታል። ተሸጣለች ማለት ነው። ውል የለም፣ ፊርማ የለም፣ ማኅተም የለም። ውሉ ከቦ የቆመው ሰው ነው። ዛሬ ቃሉን ያጠፈ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ማን ዓይን ያየዋል? እንግዲህ በውስጥ መስመር ለተነገረ ዋጋ ምስክሩ ማነው? ለእኔ አንድ ዋጋ፣ ለጎረቤቴ ሌላ ዋጋ ቢባል በምን እናውቃለን? የሚከበን ሥራ ፈት አጣን እኮ!

አለቀ ስል አላለቀም። ገንዘቡ ተቆጥሮ ገበሬው ኪስ ከገባ በኋላ ነጋዴው እጁን እንደዘረጋ ይቀራል። የገድ ሳንቲም ነው የሚጠብቀው። ሻጭ ከተቀበለው ላይ ቆንጥሮ ካልመለሰ ከብቱ ለገዢው ገደ ቢስ ይሆናል የሚል እምነት አለ። ስንት ይመለስ? ለጊደሯ የዋለው ክርክር ለሳንቲሙ እንደ አዲስ ይጀመራል። በእኛ አገር ሻጭ የሚመርቀው ከዕቃው ላይ ነው፤ እነዚያ ከገንዘቡ ላይ ይመርቃሉ። የሚገርመው፣ በአንዲት ሽልንግ ግማሽ ቀን የተሟገተው ነጋዴ የተመረቀለትን ሳንቲም ያንኑ ሰዓት ለገበሬው መጠጥ ይከፍልበታል።

ፈረስ ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ላም ብትዋሽ ምን ያህል ትዋሻለች? ሳትታለብ ታድርና ጡቷ ይወጠራል፤ ቢበዛ የሌላ ላም ጥጃ ከጎኗ ይቆማል። ፈረስ ግን ጥርሱን በሞረድ እየሞረዱ ዕድሜውን ይቀንሱለታል። ሽበቱን ይቀቡለታል። የደከመው ደግሞ ጅራቱን ሰቅሎ እንዲፎክር ከጅራቱ ሥር ዝንጅብል ያደርጉበታል። «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» ያለው የእኛ ሰው የአየርላንድን የፈረስ ገበያ ሳያይ እንዴት እንዳወቀው እንጃ።

ከፈረስ ገበያዎቹ ስመ ጥሩው ባሊናስሎ ነው፤ በጎልዌይ ካውንቲ፣ በየዓመቱ በኦክቶበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የበግም ገበያ ነበር፤ በአንድ ገበያ ከ80,000 በላይ በግ የሚነዳበት ጊዜ ነበር። በደቡብ ደግሞ በኮርክ ካውንቲ፣ በቡቴቫንት ከተማ፣ ጁላይ 12 ቀን የሚቆም ካሂርሚ የሚባል አለ። ናፖሊዮን የጋለበው ማሬንጎ የተባለው ነጭ ፈረስ የተገዛው ከእኛ ገበያ ነው ይላሉ የካሂርሚ ሰዎች። የለም ከእኛ ነው ይላሉ የባሊናስሎ ሰዎች። ታሪክ ጸሐፊዎች ፈረሱ ከግብፅ መጣ ይላሉ፣ አፅሙም ለንደን በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ታሪክ ጸሐፊ ግን ገበያ መሃል ቆሞ ተከራክሮ አያውቅም፤ በዚህ ጉዳይ ማንም አልሰማውም።

ከሁሉ የወደድኩት የፍየሉን ገበያ ነው። ኬሪ ካውንቲ ውስጥ ኪሎርግሊን በምትባል ከተማ በየዓመቱ ከኦገስት 10 እስከ 12 ገበያ ይቆማል። ከመቆሙ በፊት ሰዎች ተራራ ወጥተው አንድ የዱር አውራ ፍየል ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ አንዲት የትምህርት ቤት ልጅ ዘውድ ትደፋለታለች። ንጉሥ ይሆናል! በነባሩ ልማድ በትልቅ ማማ ላይ ይሰቀላል፤ ቅጠሉ፣ ጎመኑ፣ ውኃው እዚያው ይቀርብለታል፤ ከሥሩ ሕዝቡ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይጠጣል። በሦስተኛው ቀን ከዙፋኑ ወርዶ ወደ ተራራው ይመለሳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ይህን ፍየል አይመለከትም፤ ከጎመኑ ቀና ያለበት ጊዜ የለም። የእኛ አገር ፍየል በበዓል ሰሞን ይህን ቢሰማ መንገዱን ይጠይቅ ነበር።

ገበያው ሕጋዊ ወረቀት ያገኘው በ1613 ከእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ነው። ፍየሉ ለምን ነገሠ ለሚለው ግን አፈ ታሪኩ ይለያል፤ የእንግሊዙ የጦር መሪ የክሮምዌል ወታደሮች ሲመጡ አንድ ፍየል ከመንጋው ተነጥሎ ወደ ከተማ ሮጦ ሰዉን አስጠነቀቀ ይባላል። ክሮምዌል የመጣው ወረቀቱ ከተጻፈ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑን ያነሳ ሰው ካለ ፍየሉን አልወደደም ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ለፍየሉ ይሟገታሉ፤ በ2022 ሙቀቱ ሲበረታ አዘጋጆቹ ንጉሡን ከማማው አውርደውታል። ፀሐይ የገለበጠችው መንግሥት ይህ ይሆን?

ገበያ ሁሉ እንዲህ ሰላማዊ አልነበረም። የደብሊኑ ዶኒብሩክ በ1204 ከንጉሥ ጆን ፈቃድ አግኝቶ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ከኖረ በኋላ ስካሩና የዱላ ድብድቡ ስለበዛ በ1855 ተዘጋ። ዛሬ በዚያው ገበያ ስም የሚጠራ ሱቅ ደብሊን ውስጥ አለ፤ ምርጥ አይብና ምርጥ ወይን ይሸጣል። ዱላ የለም፤ ዱላው ዋጋው ላይ ነው።

እስካሁን የሳቅኩት በተሸጠችው ላም ወገን ሆኜ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን ስጡኝ።

በ1932 የአየርላንዱ መሪ የዴ ቫሌራ መንግሥት ከእንግሊዝ ጋር በመሬት ክፍያ ተጣላ። እንግሊዝ በአየርላንድ ከብት ላይ ቀረጥ ጫነች፣ ጠቡ እስከ 1938 ዘለቀ። የአየርላንድ ከብት ዋና ገዢዋ እንግሊዝ ነበረች። ገበሬው ያንኑ ሌሊት ተነስቶ፣ ልጁ ያንኑ በር ሁሉ ዘግቶ፣ ከተማ ደርሰው ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ፤ «ስንት ትላታለህ?» የሚል የለም። ሰማዩን የሚያይ ነጋዴ እንኳ የለም። መንግሥት ጥጃ ላረደ ሰው ለቆዳው ገንዘብ መክፈል ጀመረ፤ ከብቱ እንዳይበዛ። ጥጃ አሳድጎ ከመሸጥ አርዶ ቆዳውን ማስረከብ የሚሻልበት ዘመን መጣ። ማታ ከብቱ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በመልስ ጉዞ ግን ልጁ በር ላይ መቆም አያስፈልገውም፤ ከብቶቹ የቤታቸውን መንገድ ያውቁታል።

የሰው ገበያም ነበር። በሰሜኑ በኩል፣ በስትራቤንና በሌተርኬኒ፣ በሜይና በኖቬምበር የቅጥር ገበያ ይቆማል። ከዶኒጎል ምዕራብ ደሃ ቀበሌዎች ልጆች በእግራቸው ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ በዛሬ ዓይን የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናቸው። ልብሱን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ የቆመ ልጅ ለመቀጠር መጥቷል ማለት ነው። ባለመሬቱ ክንዱን ይጨብጣል፣ ያራምደዋል፣ ከአባቱ ጋር ይከራከራል። እዚህም «እጅህን አምጣ» አለ፣ እዚህም ቀብድ አለ። ልጁ ለስድስት ወር ሄደ። ደራሲው ፓትሪክ ማክጊል ገና ልጅ ሳለ በስትራቤን ገበያ ተቀጥሮ ያየውን በ1914 ባሳተመው ልብ ወለድ ጽፎታል። የቅጥር ገበያን የሚናፍቅ አዛውንት አልገጠመኝም፤ የናፈቀ ካለም ቀጣሪው ይሆናል።

ሴቶቹንም ጠይቁ። ባል ጊደር ሸጦ መዳፉን ሲያስመታ ሚስት በሌላው ጥግ እንቁላልና ቅቤ፣ ዶሮና ዳክዬ ሸጣ የሳምንቱን አስቤዛ ሸፍናለች። ከዚያ መጠጥ ቤት ደጃፍ ጋሪ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ዝናቡም አብሯት ይጠብቃል። የጋሪውን ፈረስ ሁሉም ያመሰግነዋል፤ ባለቤቱ ቢተኛም ቤት ያደርሳል ይላሉ። እሷ ምን አለች? የልጆቹ ደብተር እዚህ ላይ አጭር ነው።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የከብት ጨረታ አዳራሾች መሥራት ጀመሩ። በ1954 መንግሥት የከብት ሳንባ ነቀርሳን የማጥፋት ዘመቻ ጀመረ፤ የታመመውንም ጤነኛውንም መንገድ ላይ አቀላቅሎ መሸጥ እያስፈራ መጣ። መኪናው በዛ። ባለሱቁም እንጨት መምታትና እበት ማጠብ ሰለቸው፤ ዱቤውን ግን አልጠላም። በአዳራሹ ጊደሯ ሚዛን ላይ ትወጣለች፣ ኪሎዋ በሰሌዳ ይወጣል፣ ጨረታ መሪው ትንፋሽ ሳያጠፋ ዋጋ ይጠራል፣ ገዢው ቅንድቡን ያነሳል። ገበሬው ቼኩን ከመስኮት ይቀበላል። መቀስ የለም፣ ምራቅ የለም፣ ደላላውም ከሰመ።

እኔ ሚዛኑን አልቃወምም። በመንገዱ ገበያ ነጋዴው አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ይህ ሰው ሌሊቱን ነድቶ መጥቷል፣ ዕዳ አለበት፣ ሲመሽ ከብቱን ይዞ መመለስ አይፈልግም። ስለዚህ እስኪመሽ ሰማዩን ያያል። ሚዛን ሰማይ አያይም። ለደሃው ገበሬ ከደላላው ምላስ ይልቅ ኪሎው ታምኖለታል። ወሬውና ጨዋታው ቀረ ለሚሉት፣ አዎ ቀረ፤ ጨዋታው የደመቀው ግን ሆዱ ባልተጨነቀ ሰው ዘንድ ነበር። ጊደር ቢኖረኝ በጨረታው እሸጣታለሁ። ከሸጥኳት በኋላ መንገዱ ላይ የሚከራከሩትን ቆሜ ባይ ደስ ይለኛል።

ማየት ደግሞ ይቻላል። ኪሎርግሊን በኦገስት፣ ባሊናስሎ በኦክቶበር ዛሬም ገበያ ይቆማል፤ በባሊናስሎ የአየርላንድ ተጓዦች የሚባሉት ወገኖች እስከ ዛሬ ፈረስ በመዳፍ ምት ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ። ደብሊንና ለንደን ያላችሁ ወገኖች፣ ጎራ በሉ። እጃችሁን ግን ከኪሳችሁ አታውጡ፤ ፈረስ ገዝታችሁ ብትገኙ ኮንዶሚኒየም ፎቅ የሚያወጣላችሁ የለም።